ንጉሥ ነበሩ ወይስ ሚኒስትር? የአንድን መሪ ሹመት ደረጃ በደረጃ ማጣሪያ

የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የግቢያችን ልጆች ጥያቄና መልስ ይወዳደራሉ፣ ጥያቄውን የማወጣው እኔ ነኝ። ታዲያ ደረጃ ላይም፣ ታክሲ ሰልፍ ላይም፣ በስልክም የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። «እቴጌ ጣይቱ ነግሠዋል እንዴ?» «መለስ ፕሬዚዳንት ነበሩ ወይስ ጠቅላይ ሚኒስትር?» «ጋንዲ የሕንድ ስንተኛው መሪ ናቸው?» ወላጆች ለልጆቻቸው የቤት ሥራ ይጠይቁኛል፤ በሌላ ሰፈር ውድድር የሚያዘጋጁ ወጣቶችም እንዲሁ። ለእያንዳንዱ መልስ ብሰጥ ነገ ሌላ ስም ይመጣል። ስለዚህ ማጣሪያውን ራሱን ጻፍኩላችሁ።

እኔም የተማርኩት ተሳስቼ ነው። አንድ ቅዳሜ «የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ማን ናቸው?» ብዬ ጠየቅኩ። በወረቀቴ ላይ የነበረው መልስ ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ነው። አንዲት የስድስተኛ ክፍል ልጅ «መንግሥቱ ኃይለ ማርያም» አለች። ተሳስተሻል አልኳት፤ ቡድኗ በአንድ ነጥብ ተሸነፈ፣ ልጅቷም እያለቀሰች ወደ ቤቷ ገባች። ማታ ቁጭ ብዬ ሳጣራ ልክ የነበረችው እሷ ነች። በሚቀጥለው ቅዳሜ በልጆቹ ፊት ይቅርታ ጠየቅኳት፣ ነጥቡንም መለስኩ። የጥያቄው ችግር ምን እንደነበር ደረጃ 4 ላይ ታገኙታላችሁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- አንድ ደብተር፣ ወይም በእጅ መዳፍ ልክ የተቆረጠ ወፍራም ወረቀት (ለአንድ መሪ አንድ ካርድ)
- ሰማያዊና ቀይ እስክርቢቶ። ሰማያዊው ለተረጋገጠ፣ ቀዩ ገና ላልተጣራ ነው
- የ1987ቱ ሕገ መንግሥት። ኔትወርክ ሲጠፋ እንዳትቸገሩ ቀድማችሁ ስልካችሁ ላይ አውርዱት
- ቤተ መጻሕፍት የምትሄዱ ከሆነ መታወቂያና አስቀድሞ የተጻፈ የጥያቄ ዝርዝር
- ለመጀመሪያው ካርድ አንድ ሰዓት። ከለመዳችሁት በኋላ ሩብ ሰዓት ይበቃል

ደረጃ 1፦ የሰማችሁትን ሙሉ ዓረፍተ ነገር አድርጋችሁ ጻፉ

«እገሌ መሪ ነበሩ» የሚል ነገር አይጣራም። ካርዱ ላይ ሦስት መስመር አስምሩ፦ ሰው፣ ወንበር፣ ጊዜ። «መለስ ዜናዊ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ከ1983 እስከ 2004» ብላችሁ በቀይ ጻፉ። እንዲህ ሲጻፍ የትኛው ክፍል እንደሚያጠራጥር ወዲያው ይታያል። እዚህ ላይ ሰውየውም ወንበሩም ልክ ናቸው፣ የተሳሳተው የመነሻው ዓመት ነው። መለስ ከ1983 እስከ 1987 የሽግግር መንግሥቱ ፕሬዚዳንት ነበሩ፤ በዚያ ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ታምራት ላይኔ ናቸው። መለስ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት በነሐሴ 1987 ነው፣ እስካረፉበት እስከ ነሐሴ 2004 ድረስ።

አያችሁ? ሁለት ሰዎች «ፕሬዚዳንት ነበሩ፣ አይ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ» ብለው ቢከራከሩ ሁለቱም ልክ ናቸው። የጎደላቸው ጊዜው ነው።

ደረጃ 2፦ ማዕረግን ከሹመት ለዩ

ይኼ ደረጃ ብዙ ስህተት የሚወጣበት ስለሆነ አትቸኩሉ። ማዕረግ ሰውየው ምን ተብሎ እንደሚጠራ ይነግራችኋል። ሹመት ደግሞ ሥራው ምን እንደሆነ። አንድ ሰው ሁለቱንም ሊይዝ ይችላል፣ ግን አንዱን አይቶ ሌላውን መገመት አይቻልም።

ታክሲ ውስጥ «ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ» ሲባል የሰማ ልጅ «ንጉሥ ነበሩ?» ብሎ ጠይቆኛል። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ አልነገሡም። ፊታውራሪ ማዕረጋቸው ነው፤ ሹመታቸው የጦር ሚኒስትርነት ነው፣ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ ያገኙት። የራስ መኮንን ድልድይም እንደዚሁ። ራስ መኮንን የሐረርጌ ገዢ ነበሩ፤ የነገሡት ልጃቸው ተፈሪ ናቸው። ራስ አሉላም ትልቅ የጦር አዛዥና የመረብ ምላሽ ገዢ እንጂ ንጉሥ አልነበሩም።

አክሊሉ ሀብተ ወልድ ለመለማመጃ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። «ጸሐፌ ትእዛዝ ነበሩ ወይስ ጠቅላይ ሚኒስትር?» ይሉኛል። ሁለቱም። ጸሐፌ ትእዛዝ ከጽሕፈት ሚኒስትርነት ጋር የሚሄድ ማዕረግ ነው፣ ከ1953 እስከ 1966 ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። ግን ከእሳቸው በፊት ጸሐፌ ትእዛዝ የነበሩት ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስ ያን ሁሉ ተሰሚነት ይዘው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው አያውቁም። ማዕረጉ አንድ፣ ወንበሩ የተለያየ።

አሁን ወደ ንግሥና እንምጣ። ሦስት ቃላት በቀይ አስምሩባቸው።

«ንጉሥ» እና «ንጉሠ ነገሥት» አንድ አይደሉም። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ከመሆናቸው በፊት የሸዋ ንጉሥ ነበሩ፣ በላያቸው አፄ ዮሐንስ አሉ። ንጉሠ ነገሥት ተብለው እንጦጦ ማርያም ዘውድ የጫኑት ጥቅምት 25፣ 1882 ነው። ተፈሪ መኮንንም መስከረም 27፣ 1921 «ንጉሥ» ሲባሉ የዙፋኑ ባለቤት ዘውዲቱ ነበሩ።

«እቴጌ» የንጉሠ ነገሥቱ ሚስት የምትጠራበት ነው። ጣይቱ ከባላቸው ሁለት ቀን ቆይተው በእቴጌነት ዘውድ ጫኑ። መነንም እቴጌ ናቸው። በራሷ ስም የነገሠችው ሴት «ንግሥተ ነገሥታት» ትባላለች፤ እሷም ዘውዲቱ ናት፣ ከ1909 እስከ 1922። ይኼ የጣይቱን ክብር አይቀንስም። ጣይቱ የሠሩትን ሥራ ለመናገር ያልያዙትን ወንበር መስጠት አያስፈልግም።

ደረጃ 3፦ ርእሰ ብሔሩን ከመንግሥት ሥራ መሪው ለዩ

በብዙ አገር ሁለት ወንበር አለ። አንዱ አገሩን ይወክላል፣ ሌላው መንግሥቱን ይመራል። የኛን ሕገ መንግሥት ክፈቱ። አንቀጽ 69 ፕሬዚዳንቱ ርእሰ ብሔር ነው ይላል። አንቀጽ 74 ላይ ደግሞ የሥራ አስፈጻሚው የበላይ፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሰብሳቢና የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። ስለዚህ ልጃችሁ «ከ1994 ጀምሮ አገሪቱን የመሩት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ናቸው» ብሎ ከጻፈ «ርእሰ ብሔር ነበሩ» ብሎ ያስተካክል።

የውጭ አገር ጥያቄ ሲመጣ ይኼ ደረጃ የበለጠ ይጠቅማል። በዚህ ዝርዝር ያሉት ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

- ፓትሪስ ሉሙምባ በ1960 የኮንጎ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። ፕሬዚዳንቱ ጆሴፍ ካሳቩቡ ናቸው።
- ፊደል ካስትሮ ከ1959 እስከ 1976 ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ፣ ፕሬዚዳንቱ ኦስቫልዶ ዶርቲኮስ። ካስትሮ ፕሬዚዳንት የሆኑት በ1976 ነው።
- ሙሶሊኒ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበር። ኢትዮጵያ ስትወረር ጣልያን ንጉሥ ነበራት፣ ቪክቶር ኢማኑኤል ሦስተኛ። በ1936 «የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት» የሚለውን ስም የወሰደውም ንጉሡ ነው።
- ቸርችል ጎዳናን የምታውቁ፦ ቸርችል የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ፣ ሁለት ጊዜ፣ ከ1940 እስከ 1945 እና ከ1951 እስከ 1955።

ደረጃ 4፦ ወንበሩ በዚያ ዓመት ነበረ ወይ?

እኔ የወደቅኩት እዚህ ነው። ሰውየውን ከመፈለጋችሁ በፊት ወንበሩ የተፈጠረበትን ዓመት ፈልጉ። ወንበሩ ካልነበረ ማንም ሊቀመጥበት አይችልም፣ ብዙ ድካም ይቀርላችኋል። ለኢትዮጵያ ይህን ደብተራችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ገልብጡት፦

- ሚኒስትር፦ ከ1900 ጀምሮ
- ጠቅላይ ሚኒስትር፦ ከጣልያን ወረራ በኋላ። የሚኒስትሮችን ሥልጣን የሚወስነው ትእዛዝ ቁጥር 1 የወጣው በ1935 ነው፣ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትርም መኮንን እንዳልካቸው ናቸው። ከ1967 እስከ 1980 ወንበሩ አልነበረም
- የደርግ ሊቀ መንበር፦ ከ1967 እስከ 1980
- ፕሬዚዳንት፦ ከ1980 ጀምሮ፣ ኢሕዲሪ (የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ) ሲመሠረት

ስለዚህ «ፕሬዚዳንት መንግሥቱ በ1970» ብሎ መጻፍ ስህተት ነው፣ በዚያ ዓመት የደርግ ሊቀ መንበር ነበሩ። በ1980 ግን የኢሕዲሪ ፕሬዚዳንት ሆኑ፣ ከሳቸው በፊትም በኢትዮጵያ ፕሬዚዳንት የተባለ ርእሰ ብሔር የለም። ልጅቷ ያለችው ይኼንን ነው። ነጋሶ ጊዳዳ በነሐሴ 1987 የተሾሙ የኢፌዴሪ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ናቸው። ከጥያቄዬ የጎደለችው «ኢፌዴሪ» የምትል አንዲት ቃል ነበረች።

በሌላ አገርም ይሠራል። ጋና ነፃ በወጣችበት በ1957 ንክሩማ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ፤ ፕሬዚዳንትነቱ የመጣው አገሪቱ በ1960 ሪፐብሊክ ስትሆን ነው። ኬንያም በ1963 ነፃ ስትወጣ ጆሞ ኬንያታ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ፣ በዓመቱ ፕሬዚዳንት ሆኑ። እነዚህም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 5፦ እንዴት እንደገቡ እዩ

ዘውድ ጫኑ? ቃለ መሐላ ፈጸሙ? ወይስ ለሌላ ሰው ጠባቂ፣ እንደራሴ፣ ተጠባባቂ ነበሩ? ይኼን ካላያችሁ ያልነገሠውን ታነግሣላችሁ።

ልጅ ኢያሱ ከምኒልክ ቀጥለው አገሪቱን መርተዋል፣ ዘውድ ግን አልጫኑም። መስከረም 17፣ 1909 ከሥልጣን ወረዱ። በልጅነታቸው ሞግዚታቸውና እንደራሴ የነበሩት ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው ናቸው፤ እሳቸውም አልነገሡም። ተፈሪ ከ1909 ጀምሮ አልጋ ወራሽና እንደራሴ ነበሩ፣ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት ጥቅምት 23፣ 1923 ነው። «ኃይለ ሥላሴ ከ1909 እስከ 1967 ነገሡ» የሚል ካርድ ካያችሁ በቀይ አስምሩበት።

የአጭር ጊዜ ሰዎችንም አትዝለሉ። ንጉሡ መስከረም 2፣ 1967 ሲወርዱ የደርግ የመጀመሪያው ሊቀ መንበር ጄኔራል አማን አንዶም ነበሩ። ቀጥሎ ጄኔራል ተፈሪ በንቲ እስከ ጥር 1969። መንግሥቱ ሊቀ መንበር የሆኑት ከዚያ በኋላ በየካቲት ነው። መንግሥቱ ግንቦት 13፣ 1983 አገር ጥለው ሲወጡ ደግሞ ለአንድ ሳምንት ያህል ተጠባባቂ ፕሬዚዳንት የነበሩት ጄኔራል ተስፋዬ ገብረ ኪዳን ናቸው። ወደ ኋላም ሂዱ፤ «ከቴዎድሮስ ቀጥሎ ማን?» ሲባል ከአሥር ልጅ ዘጠኙ ዮሐንስ ይላል። መሀል ላይ አፄ ተክለ ጊዮርጊስ አሉ፣ ከ1860 እስከ 1863።

ደረጃ 6፦ ዘመን አቆጣጠሩን አስተካክሉ

ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ያለ ቀን ከሆነ በኛ ዓመት ላይ 7 ደምሩ፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ከሆነ 8። (ታኅሣሥ ላይ እንደ ዓመቱ አንድ ቀን ሊገፋ ይችላል።) ወሩን ካላወቃችሁ አትደምሩ፣ በአንድ ዓመት ትስታላችሁ።

ለምን እንደሚያስፈልግ በአንድ ምሳሌ፦ ዘውዲቱ ያረፉት መጋቢት 24፣ 1922 ነው፣ 8 ሲደመር 1930። ኃይለ ሥላሴ ዘውድ የጫኑት ጥቅምት 23፣ 1923 ነው፣ 7 ሲደመር እሱም 1930። በኛ ሁለት ዓመት የሆነው በፈረንጅ አንድ ዓመት ነው። አንዱን ከአማርኛ መጽሐፍ፣ ሌላውን ከፈረንጅ ገጽ የገለበጠ ሰው ዘውዲቱን ከሞቱ በኋላ ሲገዙ ያቆያቸዋል። ካርዱ ላይ ከእያንዳንዱ ዓመት ጎን «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ጻፉ፣ አትሰንፉ።

ደረጃ 7፦ በሁለት ምንጭ አረጋግጡ

ሁለት ምንጭ ስል አንዱ ከሌላው ያልገለበጠ ማለቴ ነው። አምስት የቴሌግራም ቻናል አንድ ጽሑፍ ቢለጥፉ ምንጩ አንድ ነው። ከሁለቱ አንዱ በዘመኑ የታተመ ቢሆን ይመረጣል፣ ምክንያቱም ኋላ የተጻፈ ነገር ሰውየው በኋላ ባገኘው ስም ይጠራዋል። የ1909ኙን ተፈሪ «አፄ ኃይለ ሥላሴ» የሚል መጽሐፍ ሞልቷል።

ነጋሪት ጋዜጣ ከ1934 ጀምሮ አለ፣ አዋጁና ትእዛዙ እዚያ ይገኛል። አዲስ ዘመን ጋዜጣ ከ1933 ጀምሮ። ለቆየ ነገር ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ሂዱ፤ ለመጻሕፍት አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ጥሩ ነው። ከአባዶ ወደ መገናኛ፣ ከመገናኛ ወደ አራት ኪሎ ግማሽ ቀን ይበላል። ስለዚህ ለአንድ ስም ብላችሁ አትውጡ። ቀይ ካርድ ከአሥር በላይ ሲጠራቀም በአንድ ጉዞ ጨርሱት።

ማስጠንቀቂያ

የቦታ ስም ማስረጃ አይደለም። ጋንዲ ሆስፒታል የተወለዱ ልጆች እዚህ ግቢ ብዙ ናቸው፣ ጋንዲንም የሕንድ ፕሬዚዳንት ያደርጓቸዋል። ማህተመ ጋንዲ የመንግሥት ሹመት ይዘው አያውቁም። በ1924 እ.ኤ.አ. የኮንግረስ ፓርቲ ፕሬዚዳንት ነበሩ። የነፃይቱ ሕንድ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ነህሩ ናቸው፣ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ራጀንድራ ፕራሳድ። ኢንድራ ጋንዲም የነህሩ ልጅ ናት፣ ስሙን ያገኘችው ከባሏ ከፌሮዝ ጋንዲ ነው፣ ከማህተመ ጋንዲ ጋር ዝምድና የላቸውም።

የብር ኖት ላይ ያለ ፎቶም ማስረጃ አይደለም። የመቶ ዶላሩ ቤንጃሚን ፍራንክሊንና የአሥር ዶላሩ አሌክሳንደር ሃሚልተን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሆነው አያውቁም። ሃሚልተን የመጀመሪያው የገንዘብ ሚኒስትር ነበር።

የፓርቲ ወንበርን የአገር ወንበር አታድርጉት። ስታሊን ከ1922 ጀምሮ የፓርቲው ዋና ጸሐፊ ነበር፣ የመንግሥት መሪነቱን የያዘው ግን በ1941 ነው። ማኦ ርእሰ ብሔር የነበሩት ከ1949 እስከ 1959 ብቻ ነው፤ የፓርቲ ሊቀ መንበርነቱን ግን እስከ ሞቱበት 1976 አልለቀቁም። ቼ ጉቬራም የኩባ ብሔራዊ ባንክ ፕሬዚዳንትና የኢንዱስትሪ ሚኒስትር እንጂ የአገር ፕሬዚዳንት አልነበረም። «ፕሬዚዳንት» የምትል ቃል ስታዩ ሁልጊዜ «የምን?» ብላችሁ ጠይቁ። (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ.)

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

- *«አገሪቱን የመራ» እና «የነገሠ»ን ማደባለቅ።* መፍትሔው ደረጃ 5 ነው።
- *«የመጀመሪያዋ ሴት መሪ» ብሎ ዝም ማለት።* ሳህለወርቅ ዘውዴ በጥቅምት 2011 የተሾሙ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ናቸው። ርእሰ ብሔር ከተባለ ግን ዘውዲቱ ይቀድማሉ። የወንበሩን ስም ጻፉ።
- *የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሊቀ መንበርንና ዋና ጸሐፊን አንድ ማድረግ።* በ1963 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው ሊቀ መንበር ኃይለ ሥላሴ ናቸው። ዋና ጸሐፊነት ሌላ ሥራ ነው፣ የጊኒው ዲያሎ ቴሊ በ1964 ተሾሙበት።
- *ቄሳርን ንጉሠ ነገሥት ማለት።* ጁልየስ ቄሳር የሮም አምባገነን ተብሎ ተሾመ። የመጀመሪያው ንጉሠ ነገሥት አውግስጦስ ነው።

ደረጃ 8፦ ካርዱን በሰማያዊ ገልብጡና ጥያቄውን ጻፉ

ጥያቄው ውስጥ ወንበሩና ዘመኑ ካልተጻፉ ሁለት ልክ መልስ ይወጣል፣ ዳኛውም ልጅ ያስለቅሳል። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ለሌላ ሰው አንብቡለት፤ «የትኛው?» ወይም «መቼ?» ብሎ ከጠየቃችሁ ገና አላለቀም። የኔ ካርድ አሁን እንዲህ ይነበባል፦

«በነሐሴ 1987 ዓ.ም. የተሾሙት የኢፌዴሪ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ማን ናቸው?» መልስ፦ ነጋሶ ጊዳዳ።

«ኢሕዲሪ በ1980 ዓ.ም. ሲመሠረት ፕሬዚዳንት የሆኑት ማን ናቸው?» መልስ፦ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም።

ካርዶቹን በፌስታል ጠቅልላችሁ ደረቅ ቦታ አስቀምጡ። እዚህ አባዶ ክረምት ላይ እርጥበቱ ወረቀት ያበላሻል።